ለመኪና መግቢያ በር ስንት ይዘጋጅ? በጎጃም ከተሞች ቤት ለሚሠሩ የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ቤቱን ሠርቶ አጥሩን የጨረሰ ሰው ወደ ብየዳ ቤት ጎራ ብሎ «የመኪና መግቢያ በር በስንት ትሠሩልኛላችሁ?» ሲል፣ ከሦስት ቤት ሦስት የተራራቁ ዋጋዎች ይዞ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ የጠራው እንደ ቅን፣ ከፍተኛውን የጠራው እንደ ስግብግብ ይቆጠራል። ነገር ግን ሦስቱ ባለሙያዎች በልባቸው ያሰቡት አንድ ዓይነት በር ላይሆን ይችላል። አንዱ ስለ ቀጭን ላሜራ (የብረት ዝርግ)፣ ሌላው ስለ ወፍራም ተናግሮ ይሆናል፤ አንዱ ኮለኑን (በሩ የሚሰቀልበትን ምሰሶ) ጨምሮ፣ ሌላው ትቶ ቆጥሮ ይሆናል። ባለቤቱ በቁመትና በስፋት ብቻ ከጠየቀ የሚሰማው መልስም የቁመትና የስፋት መልስ ነው።

በእኛ አካባቢ «ጋራዥ» ሲባል መኪና የሚጠገንበት ስፍራ ይታሰባል እንጂ ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የተሠራ የመኪና ማደሪያ ብዙ የለም። ባጃጁም፣ የቤት መኪናውም፣ አይሱዙውም የሚያድሩት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ለመኪናው ተብሎ የሚሠራው በር የግቢው በር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያወዳድረው የግቢ በሮችን ሲሆን፣ ቤታቸው ሥር የመኪና ክፍል ላሠሩት ሰዎች ስለ ተጠቅላይና ወደ ጣሪያ ስለሚነሣ በር በአጭሩ ይናገራል።

የብር ተመን ዘርዝሬ አላቀርብም፤ ምክንያቱም ተመኑ ወረቀቱ ሳይደርቅ ይለወጣል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣው ብረት ዋጋው ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ከአዲስ አበባ የተጫነው ላሜራ ደግሞ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዚያው መስመር ባሕር ዳር ለመድረስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የጭነቱም ሒሳብ ብረቱ ላይ ይታከላል። የማይለወጠው የብረቱ ክብደት ነው። ክብደቱን ያወቀ ሰው የዕለቱን የኪሎ ዋጋ ከሱቅ ጠይቆ ሒሳቡን ራሱ ማውጣት ይችላል።

ከዋጋው በፊት ክብደቱ

አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከዚህ ተነሥተን 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነውን ላሜራ ስናሰላ፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 12.5 ኪሎ ገደማ፣ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 15.7፣ 1.2 ከሆነ 18.8፣ 1.5 ከሆነ 23.5፣ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ 31.4 ኪሎ ይሆናል። ለክፈፍ የሚያገለግለው ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ በ6 ሜትር ዘንግ ይሸጣል። 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነው ግድግዳው 1.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዘንጉ ወደ 9 ኪሎ፣ 1.5 ሲሆን ወደ 11 ኪሎ፣ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ14 ኪሎ በላይ ይመጣል። 60 በ40 የሆነው በዚያው ቅደም ተከተል 11፣ 13.7 እና 18 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን አንድ የተለመደ በር እንውሰድ፤ ስፋቱ 3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ ባለ ሁለት ክንፍ፣ በአንዱ ክንፍ ላይ የሰው መግቢያ ትንሽ በር ያለው። ለዚህ በር 5 ላሜራ፣ ለዙሪያ ክፈፉ 3 ዘንግ ባለ 60 በ40፣ ለመስቀለኛው፣ ለአግዳሚውና ለትንሹ በር 4 ዘንግ ባለ 40 በ40 ይበቃል። ባለሙያው ባለ 0.8 ላሜራና ባለ 1.2 ቱቦላሬ ከተጠቀመ የብረቱ ጠቅላላ ክብደት 131 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ባለ 1.2 ላሜራና ባለ 1.5 ቱቦላሬ ከሆነ ወደ 179 ኪሎ፣ ባለ 1.5 ላሜራና ባለ 2 ቱቦላሬ ከሆነ ደግሞ ወደ 229 ኪሎ ይደርሳል። ሦስቱ በሮች ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ተቀብተው ጎን ለጎን ቢቆሙ በሩቅ የሚለያቸው የለም። በመካከላቸው ግን ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ብረት አለ።

ለስሌት እንዲመች የአንድ ኪሎ ብረት ዋጋ 200 ብር ነው እንበል፤ ይህ መቁጠሪያ እንጂ የገበያው ዋጋ አይደለም። በዚህ መቁጠሪያ ቀጭኑ በር የብረቱ ብቻ 26,200 ብር፣ መካከለኛው 35,800 ብር፣ ወፍራሙ 45,800 ብር ይወስዳል። ከሦስት ብየዳ ቤቶች ለሚመጣው የዋጋ ልዩነት ትልቁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መጨመሩና አለመጨመሩም በጽሑፍ ካልተገለጸ ንጽጽሩን ያዛባዋል፤ በደረሰኝ የሚሠራው ከሌላው ጋር ሲተያይ ያለ ጥፋቱ ውድ መስሎ ይታያልና።

እኔ ለመኖሪያ ግቢ የምመክረው መካከለኛውን ነው። ባለ 0.8 ላሜራ ሲበየድ በቀላሉ ይበሳል፣ በሙቀቱ ይጨማደዳል፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥርም እንደ ከበሮ ይደለቃል፤ ለትንሽ የጓሮ በር ካልሆነ በቀር ያተረፈው ብር አያኮራም። ወፍራሙ ጭነት መኪና ለሚያስገባ ወይም ግቢውን መጋዘን ላደረገ ነጋዴ ይገባል፤ ለሌላው ሰው ግን ወደ ፊት እንደምንመለከተው ጥንካሬው ራሱ በኮለኑ ላይ ሸክም ይሆናል።

ውፍረቱን ለማረጋገጥ ካሊፐር መያዝ ጥሩ ነው፤ ካሊፐር የሌለው ሰው ግን ሚዛን አያጣም። ላሜራው «1.2 ነው» ተብሎ ሲሸጥ አንዱን አንሥቶ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። ወደ 19 ኪሎ ከተጠጋ ቃሉ እውነት ነው፤ 15 ወይም 16 ኪሎ ላይ ከቆመ ግን የተገዛው ባለ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ፈተና ሻጩ ፊት ማድረግ የሚያሳፍር አይደለም፤ ጤፍም የሚገዛው ተመዝኖ ነው።

ስፋቱንም በመኪናው ብቻ መወሰን አይበቃም። ለቤት መኪና ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚገባበት ቦታ ካለ 3 ሜትር ይበቃል፤ በጠባብ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ታጥፎ ለሚገባ ግን 3.5 ሜትርም ያስጨንቃል። አይሱዙ ከነመስታወቱ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሰፋ 4 ሜትር ቢተውለት ይሻላል። በመካከለኛው ውፍረት እያንዳንዱ ተጨማሪ ግማሽ ሜትር በበሩ ላይ 16 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ ኋላ ኮለን አፍርሶ ከማስፋት ይህ እጅግ ይረክሳል። ባጃጅ ብቻ ያለው ሰው ስፋቱ 1.3 ሜትር ለሆነች ተሽከርካሪ ብሎ የ2 ሜትር በር ሲያሠራ አያለሁ፤ ያ በር ለአሸዋና ለድንጋይ መኪና አይከፈትም፣ ግቢውም ገና ግንባታ አልጨረሰም።

ወደ ውስጥ የሚከፈት ወይስ የሚንሸራተት?

ባለ ሁለት ክንፉ በር በጎጃም ከተሞች ሁሉ የሚሠራ፣ ማንኛውም በያጅ የሚያውቀው፣ ሲበላሽም ማንም የሚጠግነው ነው። ዕቃው ጥቂት፣ የእጅ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ድካሙ ያለው በኮለኑ ላይ ሲሆን፣ ባለቤቶች ዋጋ ሲያወዳድሩ የሚዘነጉትም ይህንን ነው። 179 ኪሎ የሚመዝን በር እያንዳንዱ ክንፉ ወደ 90 ኪሎ ይሆናል። የክንፉ ስፋት 1.75 ሜትር ሆኖ በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 1.8 ሜትር ካለ፣ የላይኛው ማጠፊያ ኮለኑን ወደ መኻል 44 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ቀንና ሌሊት ይጎትተዋል። ልጆች በሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ ጉተታው ይብሳል፤ ልጆች ደግሞ ይንጠለጠላሉ።

ኮለኑ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በአራት ባለ 12 ወይም ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ በስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን በሚያስረው ቀጭን ብረት) ታስሮ፣ መሠረቱ ታች በሰፊው ከተሞላ ይህን ይችለዋል። ከድንጋይ ብቻ በጭቃ ወይም በደካማ ሲሚንቶ የተገነባ ምሰሶ ግን አይችልም። በምሥራቅ ጎጃም በኩል፣ በተለይ በዋልካ መሬት ላይ ለሚሠሩ፣ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በጥልቀት ያልተቆፈረ ኮለን ከአፈሩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያዘነብላል። ፍኖተ ሰላም የሚኖር አጎቴ በሐምሌ የማይዘጋ፣ በጥር ግን ያለ ችግር የሚዘጋ በር ነበረው፤ ሁለት ጊዜ በያጅ ጠርቶ ማጠፊያ ካስቀየረ በኋላ ነበር ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የመሬቱ መሆኑን የተረዳው። በሜጫና በይልማና ዴንሳ በኩል እንዳለው ቀይ አፈር ባለበት ይህ ችግር በጣም ይቀንሳል። ዋልካ ላይ ያለ ሰው ግን ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች እስኪያልፍ ማስቆፈርና ሁለቱን ኮለኖች ከመሬት በታች በአርማታ ማያያዝ ይኖርበታል፤ የዚህን ወጪ ከበሩ ዋጋ ጋር አንድ ላይ ያስብ።

ተንሸራታቹ በር ኮለኑን አይጎትትም፤ ክብደቱ በሙሉ በታች ባሉት የብረት ጎማዎችና ኩሽኔታዎች በኩል መሬት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለሰፊና ለከባድ በር፣ ለዋልካ መሬትም ጭምር፣ በመርሕ ደረጃ የተሻለ ነው። ግን የራሱ ወጪ አለው። 3.5 ሜትር ለሆነ በር ወደ ጎን ሌላ 3.7 ሜትር ገደማ ያልተነካ የአጥር ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ከመንገድ በኩል 10 ሜትር ስፋት ካለው ቦታ ላይ በሩና መንሸራተቻው ብቻ ከ7 ሜትር በላይ ይወስዳሉ ማለት ነው። ሐዲዱ የሚቀመጥበት አርማታ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ወደ 0.43 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። ጎማ፣ ሐዲድ፣ የላይ መያዣ፣ ማቆሚያ ሲጨመሩ፣ ከዚህም ጋር ሥራው የበለጠ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ባለ ሁለት ክንፍ በር በላይ ያስወጣል። በዝናብ ብዛት የሚታወቁት የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢዎች ነዋሪዎች ሌላም ነገር ሊያስቡ ይገባል፤ ጭቃና ጠጠር ሐዲዱ ላይ ሲጋገር በሩ ይነክሳል፣ ስለዚህ ሐዲዱ ከግቢው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ውኃው በጎኑ እንዲፈስ ካልተደረገ ክረምቱን ሙሉ በመጥረጊያ መኖር ነው።

ምርጫውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ተዳፋቱ ነው። ግቢው ከበሩ ወደ ውስጥ ሽቅብ ከሆነ ወደ ውስጥ የሚከፈት ክንፍ መሬቱን ይነካል፤ መንገዱ በአጥሩ ርዝመት ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ተንሸራታቹ በራሱ ይሄዳል። ወደ መንገድ የሚከፈት በር መንገደኛ ስለሚመታና መንገድ ስለሚዘጋ በአማራጭነት መታየት የለበትም።

ስለ ርካሹ አማራጭ፣ ማለትም በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ስለሚመታ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ነገር ልበል። ግንባታው ገና ላልተጠናቀቀ ግቢ ከቀጭን ላሜራ በር ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሁለት ዓመት አገልግሎ ሲወርድ አያስቆጭም። ቆርቆሮው ሲገዛ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ባለ 28 ጌጁ ከባለ 32ቱ ይወፍራል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም የከረመ እንጨት ይመረጥ፤ ምስጥ ባለበት ቆላማ ስፍራ እንጨቱ መሬት እንዳይነካ ይደረግ።

ከቤቱ ሥር የመኪና ክፍል ላለው

በሱቆች ላይ የምናየው ተጠቅላይ በር ለመኪና ክፍልም ይሆናል። ወለል አይዝም፣ ከአርኪትራቩ (ከበሩ በላይ ካለው አግዳሚ) በላይ ግን ጥቅሉ የሚያርፍበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ይህ ቤቱ ሳይሠራ ካልታሰበ ኋላ መኪናው የሚገባበትን ቁመት ይቀንሳል። በሸንተረር ተከፋፍሎ ወደ ጣሪያ የሚነሣው ባለ ሞላ በር ከሁሉም ያማረ ሲሆን ከሁሉም ይወደዳል። በዚህ በር ላይ የሚያልቀው ሞላው ነው፤ የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ለመክፈትና ለመዝጋት ታስቦ ይሠራል። በቀን 4 ጊዜ የሚከፍት ቤተሰብ ወደ 7 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ሲያልቅ ትክክለኛውን መጠን የያዘ ምትክና የሚያውቀው ባለሙያ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ሲገዙ አንድ ትርፍ ሞላ አብሮ ማስጫን ብልህነት ነው። የተወጠረ ሞላ ሲፈታ እጅ ይሰብራል፤ በተራ መፍቻ የሚነካካ በያጅ ካጋጠመ ማስቆም ይገባል።

ሞተርና ሪሞት በማንኛውም በር ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ለተንሸራታች በር ግን ከሁሉም ይቀላል፣ ምክንያቱም አንድ ሞተርና አንድ ጥርስ ያለው ዘንግ ይበቃዋል፤ ባለ ሁለት ክንፉ ለእያንዳንዱ ክንፍ አንድ ክንድ ይሻል። መብራት ሲጠፋ በቁልፍ ፈትቶ በእጅ መክፈት የማይቻልበት ሞተር በጭራሽ አይገዛ። በሩ ላይ ሕፃን ሲያልፍ የሚያቆመው የብርሃን ዳሳሽም በዋጋ ድርድር የሚቀነስ ዕቃ አይደለም።

የእጅ ዋጋና ውሉ

በያጆች ዋጋ የሚጠሩት በሁለት መንገድ ነው፤ ከነዕቃው በካሬ ወይም እጅ ብቻ። ከነዕቃው ሲሆን ባለቤቱ ከመንከራተት ይድናል፤ ሆኖም ውፍረቱ በውሉ ላይ ካልተጻፈ የዋጋው ንጽጽር ከንቱ ነው። እጅ ብቻ ሲሆን ባለቤቱ ራሱ መዝኖ ይገዛል፤ በዚያው ልክ ቁርጥራጩና ስሕተቱ የእሱ ይሆናል። ጊዜ ያለው፣ ብረት ሱቅ የሚያውቅ ሰው ቢኖረው ሁለተኛውን ይምረጥ፤ በውጭ አገር ሆኖ በዘመድ የሚያሠራ ግን የመጀመሪያውን መርጦ ውፍረቱን፣ የቱቦላሬውን ልክ፣ የማጠፊያውን ብዛት፣ ቁልፉን፣ ቀለሙንና የማጓጓዣውን ወጪ አንድ በአንድ ያስጽፍ። ማጓጓዣው የሚረሳ ነው፤ 90 ኪሎ የሆነ ክንፍ በጋሪ ሲሄድ ተጫኝና አውራጅ ይፈልጋል፣ ቦታው ላይ መብራት ከሌለ የጀኔሬተር ኪራይም ይከተላል።

ቀብዱ የብረቱን ዋጋ ያህል ቢሆን፣ ብረቱም በዚያው ዕለት ቢገዛ፣ የዋጋ መናር ክርክር ይቀራል። የመጨረሻው ክፍያ በሩ ቆሞ፣ ያለ ግፊት ተዘግቶ፣ መቀርቀሪያው በቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከታየ በኋላ ይሁን።

ቀለሙ ርካሽ ክፍል ቢመስልም የበሩን ዕድሜ የሚወስነው እሱ ነው። የበሩ ሁለት ፊትና ክፈፉ በአንድ ላይ ወደ 20 ካሬ ሜትር ሲሆኑ፣ አንድ ሊትር ወደ 10 ካሬ ሜትር ስለሚያዳርስ ለአንድ ዙር ፀረ ዝገት 2 ሊትር፣ ለሁለት ዙር ሲንተቲክ 4 ሊትር ያስፈልጋል። የብየዳው ቅርፊት ተራግፎ፣ ዘይቱ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ተጠርጎ፣ በፀሐይ ቀን ይቀባ። በክረምት የተቀባ በር መስከረም ሳይጠባ ሲላጥ አይተናል።

የቆየውን መጠገን ወይስ አዲስ ማሠራት?

ያረጀ በር ያለው ሰው በመጀመሪያ በቁልፍ ጫፍ ታችኛውን ክፍል ይምታ። ብዙውን ጊዜ ዝገቱ ያለው የዝናብ ፍንጣሪ በሚደርስበት ከታች እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ብረት ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ያንን ቀበቶ ብቻ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መተካት ይበቃል። 3.5 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ማለት 1 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ክንፎች ከአንድ ላሜራ ይወጣሉ፤ ከአምስት ላሜራና ከሰባት ዘንግ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የታችኛው አግዳሚ ቱቦላሬ ውስጡ በልቶ ከሆነ እሱም አብሮ ይለወጣል፤ በአዲሱ ላይ ግን ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች ይበሳ፣ የበሰበሰው ውኃው መውጫ በማጣቱ ነውና።

በሩ ዘምሞ መሬት የሚጭር ከሆነ ደግሞ ማጠፊያ ከመቀየሩ በፊት ኮለኑ በቱንቢ ይለካ። ኮለኑ ቀጥ ብሎ ማጠፊያው ብቻ ከተበላ ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮለኑ ካዘነበለ በሩ ወርዶ፣ ኮለኑ ፈርሶ እንደገና ይሠራ፤ አሮጌው በር ግን ተመልሶ ሊሰቀል ይችላል። አዲስ በር ማሠራት የሚያዋጣው የጎን ክፈፎቹ በማጠፊያዎቹ ሥር ዝገው ብየዳ የማይዙ ሲሆኑ፣ ወይም ቤተሰቡ ከባጃጅ ወደ መኪና ተሸጋግሮ ስፋቱ ሲጠብበት ነው።

አሮጌው በር ሲነሣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ስለሚሸጥ ብየዳ ቤቱ «አሮጌውን እኛ እናነሣዋለን» ሲል ክብደቱ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።